ሁለት ኮርቬት፣ አንድ ምጥ

ባሌ ኦርቪልና ታናሽ ወንድሙ ድዋይት በኮርቬት መኪኖቻቸው ሳይጨቃጨቁ የዋሉበት እሁድ ትዝ አይለኝም። የኦርቪሏ ገና ሳንጋባ በፊት የተሠራች፣ አፍንጫዋ የረዘመ ቀይ መኪና ናት። የድዋይቷ አዲስ ናት፤ ሞተሯ ከሹፌሩ ጀርባ ነው። የኮርቬት ፋብሪካ ባለበት በከተማችን ቦውሊንግ ግሪን ምነው ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ ወንድ ባገባሁ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

አንድ ቅዳሜ ልጃችን ማርሊ ከሉዊቪል ደወለች። «እማ፣ ምጤ መጣ! ቶሎ ድረሽልኝ!»

ፒክአፓችን ጋራዥ ገብታለች። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ስወጣ ሁለቱ ወንድማማቾች ደጅ ላይ ጀምረዋል።

«በኔ ትሂድ፣ ሳታውቀው ትደርሳለች» አለ ድዋይት።

«ጎማ በገጠሙለት ኮምፒውተር?» አለ ኦርቪል።

«ያንተዋ ኤሲ እንኳን የላትም! ሴትዮዋን መንገድ ላይ ልትቀቅላት ነው?»

«የኔዋ መኪና ናት! መንገዱን በእጅህ ነው የምትዳስሰው።»

«አዎ፣ በወገብህም ጭምር።»

«ልጅቷ እያማጠች ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

ዝም ያሉ መስሎኝ ነበር። ለካ ሁለቱም መኪኖች ያላቸው ሁለት ሁለት ወንበር ስለሆነ አሁን ደግሞ «አንተ ቅር»፣ «አንተ ቅር» ሊባባሉ ነው። በቃኝ! የኦርቪልን ቁልፍ ከእጁ መንጭቄ ገባሁ።

«ፍሪሲዮኗ ከባድ ነው፣ አትችያትም!» እያለ በመስኮት ተንጠለጠለብኝ። በአባቴ የትምባሆ እርሻ ላይ የጭነት መኪና ስነዳ ያደግሁትን ሴትዮ! ስንት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን አስነድቶኝ አያውቅም።

መሪዋ ክንዴን ገነጠለው፤ ሙቀቱ እግሬን ለበለበው። ዋናው መንገድ ላይ ወጥቼ አራተኛ ማርሽ ሳስገባ ግን ድምፅዋ ደረቴ ድረስ ተሰማኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ ንድድ አልኩ። ይሄን ሁሉ ዘመን ይሄንን ደስታ ለብቻው!

መንገድ ላይ ያለችው ኤልዛቤትታውን ከተማ ሳልደርስ የድዋይት መኪና እንደ ጥይት አለፈችኝ። ውስጥ ያሉት ሁለቱ እጃቸውን እያወናጨፉ ነበር።

ሆስፒታል ስደርስ የሉም። የማርሊን እጅ ይዤ አብሬያት አማጥኩ፤ የልጅ ልጄን የተቀበልኳትም እኔ ነኝ። እነሱ ብቅ ያሉት ሕፃኗ ታጥባ ከተጠቀለለች በኋላ ነው።

«መውጫውን አልፈን ሌላ ክፍለ ግዛት፣ ኢንዲያና ገባን» አለ ድዋይት። «መንገድ የሚነግረኝን ካርታ አጠፋብኝ! ‹እኔ አውቀዋለሁ› ብሎ።»

«አንተ ስለ ሞተርህ ስትለፈልፍ ነው እንጂ…»

ሕፃኗን ኦርቪል ክንድ ላይ አስቀመጥኳት። ድዋይት ዓይኑን ጠረገ። ትንሽ ቆይቶ ኦርቪል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ማርሹ አላስቸገረሽም?»

«አላስቸገረኝም። ስንመለስም የምነዳት እኔ ነኝ።»

 ክንዱ ላይ ያለችውን አየና «እሺ፣ አንቺ ንጂ» አለኝ።