ዶሮ ወጥ በነነዌ

ሞላን የሰደበው አዳነ ነው። ቀኑ የሰኔ ጊዮርጊስ፣ ቦታው የሞላ የራሱ ቤት፣ ማኅበርተኛው በሙሉ በተቀመጠበት። በረዶ ገብሱን በመታበት ዓመት የማኅበሩ ተራ ደርሶት ነበር። ሚስቱ ፈንታነሽ ከጎረቤት እህል ለምና የጠመቀችውን ጠላ፣ ያን ጊዜ የማኅበሩ ሙሴ የነበረው አዳነ አንዴ ጎንጨት አደረገና ቀሪውን ደጃፍ ላይ ደፋው።

«ይሄን ለበሬህ አጠጣው፤ ለጊዮርጊስ አይሆንም» አለ።

ከማኅበርተኞቹ አንዱ፣ ይሻው፣ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ፈንታነሽ ጓዳ ገብታ አፏን በነጠላዋ አፍና አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ሞላ ወደ ገሳይ ገበያ በወጣ ቁጥር «የበሬ ጠላ መጣ» የሚለው አይጠፋም። ማን በየት በኩል ተቀምጦ እንደነበር፣ ማን ቀድሞ እንደሳቀ ዛሬም አንድ ባንድ ይነግራችኋል። ሰው ይረሳል ይላሉ። ያልተሰደበ ይረሳ ይሆናል።

ዘንድሮ ሙሴነቱ ለሞላ ደረሰ። ሙሴ የማኅበሩ መሪ ነው። ተረኛውን ቀደም ብሎ ቤቱ ድረስ ሄዶ ምን ጎደለ ብሎ መጠየቅ፣ ጾም ከሆነ ጾም ነው ብሎ ማሳሰብ፣ የተጣላ ካለ ማስታረቅ የእሱ ሥራ ነው። የማኅበሩ ቄስ አባ ሀብተማርያም ሲሾሙት መረቁት፤ ሞላም ጮክ ብሎ አሜን አለ። ልቡ ግን የጥር ተረኛ ማን እንደሆነ እያሰበ ነበር። አዳነ ነው።

የጥር ጊዮርጊስ ማክሰኞ ዋለ፤ ጾመ ነነዌ በገባ በማግስቱ። ማኅበርተኛው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ በቀጥታ ወደ አዳነ ቤት መጣ። እህል ያልቀመሰ ሆድ ሽታ ቶሎ ይለያል። ገና ደጃፉን ሳያልፉ የቅቤው ሽታ ተቀበላቸው። እርስ በርስ ተያዩ።

አዳነ ቤት አልነበረም። እናቱ ታመው ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተኝተዋል። ሚስቱ ውዴ ስታስታምም ሰንብታ፣ ሰኞ ባሏ ሲተካት በሚኒባስ ተመለሰችና በዚያው ድካሟ ድግሱን ጀመረች። ተራዬን አሳልፉልኝ ማለት አፍራ ነው። የነነዌ ጾም ሦስት ቀን ናት፤ ቀኗም በየዓመቱ ይዘዋወራል። እሑድ በቤተ ክርስቲያን ሲነገር ውዴ ከበሽተኛዋ አልጋ ግርጌ ተቀምጣ ነበር፤ አዳነም የምታውቅ መስሎት አልነገራትም።

አባ ጸሎት አድርሰው ዳቦው እንደተቆረሰ፣ ውዴ ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ፊቷ በምድጃው ወዝቷል። ደርሶልኛል ብላ ደስ ብሏታል። ማኅበርተኛዋ ጸዳለ ክዳኑን ስታነሣላት ዶሮው ከነእንቁላሉ ታየ።

ሞላ ተነሥቶ ቆመ። ለአዳነ ብሎ ስንት ክረምት ሲያጠራቅም የኖረውን ነው ያወጣው።

«ውዴ፣ እኛን ማን አደረግሽን? በነነዌ ዶሮ ወጥ? አባወራሽ የሰው ጠላ መድፋት ያውቃል፤ ቤቱ ግን ጾምና ፍስክ አይለይም። እኛማ የክርስቲያን ቤት መስሎን ነው የመጣነው።»

ይሻው መሳቅ ጀመረና የሚከተለው ሲያጣ ወደ ሳል ቀየረው። ውዴ መጀመሪያ አልገባትም። «ነነዌ?» አለች። ሲገባት ድስቱ እጇ ላይ አዘነበለ። መረቁ በጠርዙ ፈስሶ እጇን ሲያቃጥላት እንኳ አላስቀመጠችውም፤ የት እንደምታስቀምጠው ጠፍቷት።

አባ ሀብተማርያም መቋሚያቸውን ጥለው ተነሡ። ድስቱን ከእጇ ተቀብለው መሬት አስቀመጡና ክዳኑን ራሳቸው መለሱበት።

«ነይ ተቀመጪ ልጄ። እጇን ውሃ አፍስሱላት» አሉ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ። «ወጡ ምንም አልሆነ። ሐሙስ ፍስክ ነው፤ ያን ጊዜ መጥተን እንበላዋለን። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቤቷ በሽተኛ እንዳለባት እያወቅሁ ሰው አልላክሁም።»

«ኧረ አባ፣ መንገሩስ የሙሴው ነበር» አለች ጸዳለ።

«የእኔ ነው አልኩሽ።»

ሞላን አላዩትም። ሆን ብለው ነው ያላዩት።

ሞላ ተቀመጠ። ሰኞ አመሻሽ ላይ ከውድማ ሲመለስ በዚሁ አጥር በኩል አልፏል። ቅቤ እየተነጠረ ነበር። የዶሮ ላባም አጥሩ ሥር ተደፍቶ አይቷል። ቆመ፤ ገባው። ውዴ ብሎ አንዴ ቢጣራ ይበቃ ነበር። አልተጣራም። ወደ ቤቱ እየሄደ የነገውን ንግግር ሲያሰካካ፣ እንዲያውም መንገድ ላይ ብቻውን ስቋል። አባ ይህን ማወቃቸውን እንጃ። የቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ላባው እዚያው አጥሩ ሥር አለ። ሰው ሁሉ ወደዚያ የሚያይ መሰለው።

ማኅበርተኛው ደረቁን ዳቦ በጠላ ያወርድ ጀመር። ውዴ ግን አልተቀመጠችም። የተቃጠለ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ አንድ ባንድ ጉልበት እየሳመች ይቅርታ ትጠይቃለች። አባ ተዪ ቢሏትም አልሰማች። ሞላ እሱ ጋ ሳትደርስ ወደ ደጅ ወጣ። ተከትላው ወጣች።

«ጋሼ ሞላ፣ እውነትዎን ነው፤ አጥፍቻለሁ» አለች። ጎንበስ ስትል እግሩን ሰበሰበ። «ለአዳነ ብቻ እንዳይነግሩብኝ። የእናቱ ነገር ይበቃዋል። እኔን ይቅር ይበሉኝ።»

ይቅር ለእግዚአብሔር ነው መልሱ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲለው የኖረ ቃል ነው። ዛሬ ግን ይቅር ባይ ሆኖ እሷ ፊት መቆም አልቻለም። አንቺ ይቅር በይኝ ማለቱም አልሆነለትም። እንዲህ ያለ ሰው ነው ሞላ።

ቤቱ ከወንዙ ማዶ ይታያል። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ፈንታነሽ ይህን ጊዜ የጾም ሽሮዋን ጥዳለች። ለማኅበርተኛው ባይበቃ ይጨመርበታል። ከግድግዳው ጥግ ታጥቦ የተደፋ ባዶ ድስት ነበር፤ አነሣው።

«ሙሴያችን ሰድቦ ሊኮበልል ነው» አለ ይሻው ከውስጥ።

ሞላ ድስቱን ብብቱ ውስጥ አደረገ። ወደ ፈንታነሽ ሽሮ ቁልቁለቱን ወረደ።