የኩርባው ሰላምታ

ድርጅቱ «ሠራተኛ» የምትለዋን ቃል እንደ ተላላፊ በሽታ ነበር የሚሸሻት። ሾፌሮቹን «ሸሪኮቻችን» እያለ ነው የሚጠራቸው። ሸሪክ ማለት እንግዲህ መኪናውን ከራሱ ከድርጅቱ ተከራይቶ፣ ነዳጅ ከኪሱ ሞልቶ፣ ጎማ ሲፈነዳ ራሱ ለውጦ፣ የድርጅቱን ቢጫ ሸሚዝ ለብሶ፣ የተሰጠው ስልክ ሂድ ባለው መንገድ የሚሄድ ሰው ነው። ትርፍ ሲካፈል ግን ሸሪክነቱ ትዝ የሚለው የለም።

ሰውየው እንዲህ ያለ ሸሪክ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ነዳ። አንድ ቀን ሣጥን ሲያወርድ ከላይ የተደረደረው ተናደና ቀኝ ትከሻው ላይ ወደቀበት። ሐኪሙ ጅማቱ መበጠሱን፣ ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት ያ ክንድ ከእንግዲህ መሪ እንደማያዞር ሳይደብቅ ነገረው። ወደ ድርጅቱ ቢሄድ «እግዜር ይማርህ» አሉት፤ ከአንገት በላይም ቢሆን አሉት። «ግን እኮ አንተ የራስህ አለቃ ነህ። አለቃህን ጠይቅ» ብለው ቀለዱበት። ብዙ ሳይቆዩም መኪናውንና ስልኩን ወሰዱ።

ምን ያድርግ? በግራ እጁ ፈርሞ የሥራ ክርክር ችሎት ከሰሳቸው። «ሠራተኛ ነህ» ከተባለ ይታከማል፣ ወደ ሥራውም ይመለሳል። «አይደለህም» ከተባለ ግን ሾፌርነቱም ክንዱም አበቃላቸው። ነገሩ ይህችው ነበረች።

በመጀመሪያው ቀጠሮ የድርጅቱ ጠበቃ ተነስቶ፣ ድምፁን እንደ ማር አለስልሶ፣ «ክብርት ዳኛ፣ ደንበኛዬ ለእኚህ ሰው ሰዓት አልቆረጠም፣ መንገድም አልመረጠም» አለ። «ስልኩ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ አያዝም። ደስ ባላቸው ሰዓት፣ ደስ ባላቸው መንገድ የሚነዱ ነጋዴ ናቸው።»

ዳኛዋ ወደ ሰውየው ዞሩ። «አብሮዎት የሚሠራ፣ ዘመድ ያልሆነ፣ አሠራሩን የሚያውቅ አንድ ምስክር ማቅረብ ይችላሉ?»

ሰውየው የማንን ስም ይጥራ? ግቢው ውስጥ ሁለት ሾፌር አንድ ላይ ቆሞ አያውቅም። አንዱ ጭኖ ሳይወጣ ለሌላው በሩ አይከፈትም። መቀመጫ የለም፣ ውሃ መጠጫ እንኳ የለም። መንገድ ላይ አምስት ደቂቃ ቆመህ ከሰው ጋር ልጫወት ብትል ስልኩ «ለምን ቆምክ?» እያለ ይጮኻል። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል፤ ሲወድቅም የሚያነሳው እንደሌለ ግን ተረቱ አይነግርህም። «አመጣለሁ» ብሎ ዋሽቶ ወጣ።

ማታ ታላቅ እህቱ ቤት ሄደ። በጤናው ጊዜ ሊጠይቃት እንኳ ጊዜ ያጣላት እሷ ናት፤ አሁን ሸሚዙን እየቆለፈች የምታለብሰውም እሷው ናት።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አላወቅክም?» አለችው።

«አንድ አለ።»

«ማን?»

«ሁለቴ።»

«ስሙ ነው?»

«ኧረ እኔ ያወጣሁለት ነው። ከወንዙ ድልድይ በላይ ያለችው ኩርባ ላይ ጠዋት ጠዋት እንተላለፋለን። እሱ ሁለቴ መብራት ብልጭ ያደርግልኛል፣ እኔ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር እመልስለታለሁ። በቃ።»

«በቃ? ተነጋግራችሁ አታውቁም?»

«መቼ ቆመን እንነጋገር፣ እታለም?»

እህቱ ልትስቅበት ፈልጋ ነበር፣ ግን አልሆነላትም። «አንተ ልጅ፣ እንዲህ ሆነህ ነው እንዴ የኖርከው?» አለችና ፊቷን አዞረች። እሱም ሆድ ባሰው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ብቸኛ መሆኑን አስቦት አያውቅም ነበር፤ ሥራ የበዛበት ብቻ ነበር የሚመስለው።

በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ኩርባው ድረስ ሄደ። ቀኝ ክንዱን በሻሽ አንጠልጥሎ፣ የመንገዱ ዳር ቆሞ ጠበቀ። ቢጫ መኪኖች መጡ፣ ግራ እጁን አነሳላቸው፣ አለፉ። የሁለቴም መኪና መጣች። ስፖኪዮዋ ላይ የታሰረችውን ቀይ ክር ያውቃታል። ሰውየው ዘሎ እጁን አወዛወዘ፣ «ሁለቴ!» ብሎም ጮኸ። መኪናዋ አቧራዋን አልብሳው አለፈች።

ለካስ የሚታወቀው መኪናው ነበር እንጂ እሱ አልነበረም። ስንት ዓመት ሰላም ሲለው የኖረ ሰው እንደ ስልክ እንጨት ሲያልፈው ቆሞ አየ። ሁለቴን አልተቀየመውም፤ የጋቢናው መስታወት ላይ ከሚያብለጨልጨው ፀሐይ ጀርባ፣ ከክርኑ በቀር እሱም የሁለቴን መልክ አይቶ አያውቅም። መንገድ ዳር ለልመና የቆመ ሰው መስሎት ይሆናል። ቢሆንም ከፋው፣ በጣም ከፋው።

ሌላ ቀን የእህቱን የእጅ ባትሪ ይዞ ተመለሰ። ጉም ወርዶ መንገዱ ገና ድንግዝግዝ ብሎ ነበር። ሁለቱ መብራቶች ከኩርባው ብቅ ሲሉ ባትሪውን ወደ ሾፌሩ አዙሮ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር አበራ።

መኪናዋ አለፈች። ከዚያ ፍሬኗ ሲጥ አለ። ፍሬቻዋን እያበራች ዳር ያዘች፣ አንድ ወፍራም አጭር ሰው ከጋቢናዋ ዱብ ብሎ እየሮጠ መጣ።

«አንድ ዓይና!» አለ። «አንድ ዓይና ነህ?»

ሰውየው ግራ ገባው። ኋላ ነው የግራ መብራቱ ደብዝዞ የከረመበት ጊዜ ትዝ ያለው። ለካ እሱም ስም ወጥቶለት ኖሯል።

«እኔ ነኝ» አለ።

ሁለቴ ጥምጥም ብሎ ሲያቅፈው ትከሻው ለጉድ አመመው፣ አልነገረውም። «ሞተሃል ብዬ ነበር እኮ! መኪናህን ሌላ ሰው ሲነዳት አየሁና ሆዴን ባር ባር አለው። ሰላም ብለው አይመልስም። ማንን ልጠይቅ? ምን ብዬ ልጠይቅ? ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አልቅሼልሃለሁ።»

ሰውየው ያንን ድምፅ ለብቻው ሲያስበው ጎርናና አድርጎ ነበር የሚስለው። ቀጭን፣ የልጅ የመሰለ ድምፅ ሆኖ አገኘው። የደረሰበትን ሁሉ በአጭሩ ነገረውና ምስክርነቱን ለመነው።

ጋቢናው ውስጥ ስልኩ መጮህ ጀምሯል። ሁለቴ ወደ መኪናው አየ፣ ወደ ሰውየው ሻሽ አየ። «ልጆች አሉኝ ወንድሜ» አለ። «ይጨርሱኛል።»

«አውቃለሁ።»

«ላስብበት።»

ላስብበት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማን ይጠፋል? ሰውየው አመስግኖ፣ የችሎቱን ቀን ነግሮ ለቀቀው። መኪናዋ ስትርቅ የኋላ መብራቷን ሁለቴ ብልጭ አደረገች።

በቀጠሮው ቀን እህቱ አብራው መጣች። ከጎኑ ለምስክር የተተወው ወንበር ባዶ ነበር። ዳኛዋ ተሰየሙ፣ ወንበሩ ባዶ ነው። ጠበቃው «ምስክር እንደማይኖር እናውቅ ነበር» ብሎ ሊቀመጥ ሲል በሩ ተከፈተና ሁለቴ ላቡን በቢጫ ሸሚዙ እጅጌ እየጠረገ ገባ። ምሎ፣ ስሙን አስመዝግቦ ቆመ።

ጠበቃው ጊዜ አልሰጠውም። «የከሳሽ ስም ማን ይባላል?»

«እንጃ።»

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። እህቱ ዓይኗን ጨፈነች።

«የት ነው የሚኖሩት?»

«እንጃ።»

«ስንት ጊዜ ተነጋግራችኋል?»

«አንዴ።»

«ክብርት ዳኛ፣ እኚህ ምስክር የሚያውቁት ነገር የለም።»

ዳኛዋም ግራ ተጋብተው «ታዲያ ምን ሊመሰክሩ መጡ?» አሉ።

ሁለቴ በዚያች ቀጭን ድምፁ ጀመረ። «እሱን ጠዋት ጠዋት ኩርባው ላይ አገኘዋለሁ። ዝናብም ቢሆን፣ ጉምም ቢሆን ያው ኩርባው ላይ ነው። እኔ ትንሽ ከዘገየሁ ድልድዩ ጋ፣ እሱ ከዘገየ ማደያው ጋ እንተላለፋለን። ከዚያ ዘሎ አያውቅም። የገዛ ወንድሜን በዓመት አንዴ ባየው ነው፣ እሱን ግን ሳላየው የዋልኩበት የሥራ ቀን የለም። ተቀጣጥረን እኮ አይደለም! ስሙን እንኳ አላውቅም። ስልኩ ነው እሱን በዚያ፣ እኔን በዚህ እየነዳ ሲያገናኘን የኖረው። ደስ ባለው ሰዓት የሚነዳ ሰው፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንቅልፍ አይጥለውም? አንድ ቀን በታችኛው መንገድ ልሂድ አይልም?»

«ልሂድ ቢልስ?» አሉ ዳኛዋ።

«ስልኩ ይጮኻል። ሦስቴ ካስጮኸው በማግስቱ ጭነት የለም ይባላል። እኔ አሁን እዚህ የቆምኩት አስጩኼው ነው።»

ማንም አልሳቀም። ጠበቃው ወረቀቱን ሰብስቦ ተቀመጠ።

ከችሎቱ ሲወጡ ሁለቱ ሾፌሮች ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ላይ ቆመው የማያውቁ ሰዎች ናቸውና ወሬው ከየት ይጀመር? ሰውየው «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ሁለቴ «ኧረ ምንም አይደል» አለ። ከዚያ ሁለቱም መንገዱን አዩ። እህቱ ቤቷ ወስዳ ልትጋብዛቸው ብትለምን ሁለቴ መኪናው ያለቦታው መቆሟን ተናግሮ እምቢ አለ።

«በል እንግዲህ፣ ኩርባው ላይ» አለ እጁን አንስቶ።

«ኩርባው ላይ» አለ ሰውየው።

ሄደ። ስልክ ቁጥር የተጠያየቀ የለም፣ ሰፈርህ የት ነው የተባባለ የለም። መገናኛቸው የታወቀ ነበርና ለሁለቱም ትዝ አላላቸውም።

ፍርዱ ወጣ፤ «ሠራተኛ ነህ» ተባለ። በድርጅቱ ወጪ ታከመ። ትከሻው ቀስ በቀስ ዳነና ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ያችው የተሸሸች ቃል ከፎቶው በታች የተጻፈችበት መታወቂያ ደረቱ ላይ ተንጠለጠለለት። በዚያው ጠዋት ኩርባው ላይ ሲደርስ ልቡ እንደ ኮረዳ ልብ ይመታ ነበር። ቢጫዋ መኪና ብቅ ስትል አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር አበራ። መልስ የለም። ስፖኪዮዋ ላይ ቀይ ክር አልነበረም፤ መሪው ላይ ያለውም ቀጭን ወጣት ነው።

ወደ ስምሪት ክፍል ሄዶ ስለ ቀድሞው ሾፌር ጠየቀ። ኃላፊው ቀና ሳይል «ያ እንኳ ውሉ አልታደሰም» አለው።

«አድራሻውን ስጡኝ።»

«ሠራተኛ አልነበረም እኮ፣ ሸሪክ ነው። እኛ የሠራተኛ ማህደር ነው የምንይዘው። አንተ ብትጠፋ ግን እናገኝሃለን» ብሎ ሳቀ።

ሰውየው በእረፍት ቀኑ ችሎቱ ድረስ ሄደ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ አሳዘናትና ፈልጋ አነበበችለት። ሁለቴ ስሙን በትክክል አስመዝግቧል። አድራሻ በሚለው ላይ ያስጻፈው ግን የድርጅቱን ግቢ ነበር።

አሁንም ያችን መንገድ ይነዳል። የደመወዝ ቀን አለው፣ የዕረፍት ቀን አለው፣ ሲያመው የሚጠይቀው አለቃ አለው። ኩርባው ላይ ሲደርስ ግን ፍጥነቱን ይቀንስና የመንገዱን ዳር ያያል። እጁን ያነሳ እግረኛ ካለ፣ ወፍራም ሆነ ቀጭን፣ አጭር ሆነ ረጅም፣ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ መልኩን ሳያይ አያልፍም። ለዚህም አንዴ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል።

ማንም በሌለበት ጠዋት እንኳ ይቆማል። ስልኩ «ለምን ቆምክ?» እያለ ይጮኻል።

«ሰው እየጠበቅኩ ነው» ይለዋል ጮክ ብሎ፣ ባዶው ጋቢና ውስጥ።