ለመኩሪያ የተጣለ ድንኳን

«ሟቹ ምንዎ ናቸው ያሉኝ?» አለ ዱባለ፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ እያጋደመ።

«ወንድሜ» አሉ እማማ ወለተማርያም። «መኩሪያ ይባላል። ደብረ ብርሃን ነው ያረፈው፤ ሆዱን ታሞ።»

«ነፍስ ይማር።»

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ አጎንብሶ ነፍስ ይማር አለ። ውሸት መሆኑን ጉርድ ሾላ ያለው ጎረቤት በሙሉ ያውቃል። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ዱባለ ይወቅ አይወቅ ግን አልለየም። በቀይ ሽብር ለተገደለ ማልቀስ ክልክል ነው፤ ያለቀሰ ቤት ይፈተሻል። እማማ ወለተማርያም ደግሞ የቀረቻቸው አንዲት ምንትዋብ ናት፤ የልጅ ልጃቸው፣ የእውነተኛው ሟች የዓለምሰገድ እህት፣ ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ። እሷን እንዳያጡ ሲሉ ለዓለምሰገድ የሚጣለውን ድንኳን በሕይወት ላለው ወንድማቸው ስም አስጣሉት። «በቁሙ ቀበርኩት፣ ይቅር በለኝ» እያሉ ሦስት ቀን አለቀሱ። «ዓለ…» ሊሉ ሲጀምሩ አጠገባቸው የተቀመጠችው ጎረቤታቸው ሰኪና ክንዳቸውን ቆንጠጥ ታደርጋቸዋለች፤ ክንዳቸው በልዟል።

ዓለምሰገድ ከተማ መሃል ሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ነበር። እሑድ እሑድ ምሳ ላይ ያየውን ሁሉ ይተርክላቸዋል።

«ከሌላ ኮከብ የወረዱ ናቸው እማማ። ግንባራቸው ላይ አንድ ዓይን አላቸው፤ እንደ ባትሪ ያበራል። ብርሃኑ ያረፈበት ሰው ብን ብሎ ይጠፋል።»

«በስመአብ! ምግብ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይወራል?»

«ፊልም እኮ ነው! ዓይኑ ከካርቶን የተሠራ ነው፤ ስፌቱ ሁሉ ይታያል።»

«ይሁና። አንተ ግን በር በሩን ያዝ።»

በር በሩን አልያዘም። ቲኬት ቆራጩ ለሰኪና እንደነገራት፣ ዓለምሰገድ ያንኑ ፊልም ሲያሳይ ባትሪ የያዙ ታጣቂዎች አዳራሹ ገቡ። መብራት አብራ ቢሉት «መስመሩ ተቃጥሏል ጌቶቼ» አለ፤ የፊልሙን ድምፅ ጨመረው። ሸራው ላይ ሰው ከዚያ ዓይን ይሸሻል፤ ከሸራው ሥር ወጣቶች ከባትሪው እየሸሹ በጓሮ በር ይወጣሉ። ስንት እንደወጡ የቆጠረ የለም። እሱ አልወጣም።

«ዓለምሰገድስ?» አለ ዱባለ ድንገት። «የአያቱ ወንድም ሞተው ለቅሶ አይደርስም?»

እማማ ወለተማርያም ዱባለን ቀና ብለው አዩት። ይኼ ልጅ ከዓለምሰገድ ጋር አንድ ሳህን ላይ አብልተው ያሳደጉት ነው። አሁን ዓይኑ ከእሳቸው ወደ ምንትዋብ ዞሮ እዚያው ላይ ቀረ።

«ለ… ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል።»

በዚህ መሃል የድንኳኑ ሸራ ተገለጠ። ጋቢ የለበሱ፣ አቧራ የጠጡ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ገቡ። መኩሪያ ናቸው። የዓለምሰገድን መርዶ ከአንድ ሾፌር ሰምተው ከመገናኛ በእግራቸው መምጣታቸው ነው።

አንዲት ሴትዮ አማተበች። ሽማግሌው «ወይኔ ል…» ከማለታቸው ሰኪና ተወርውራ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

«መኩሪያን አጣናቸው አባባ! መኩሪያ ሞቱብን!»

ሽማግሌው ክው አሉ። እህታቸውን አዩ። ጠመንጃውን አዩ። ምንትዋብን አዩ። ከዚያ ዱላቸውን ጥለው ደረታቸውን ይደቁ ጀመር።

«ወይኔ መኩሪያ! ወይኔ አንተ ደግ ሰው! ማን እንዳንተ!»

«እርስዎስ ምናቸው ነዎት?» አለ ዱባለ።

«ከኔ የሚቀርበው አልነበረም፣ ልጄ።»

ዱባለ አንድ በአንድ አያቸው። ከሽማግሌው አፍንጫ ወደ እማማ ወለተማርያም አፍንጫ፣ ከዚያ ወደ ምንትዋብ፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ነው። ተነሥቶ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አነገተ።

«ድንኳኑ ዛሬውኑ ይነሣ፣ እማማ» አለ መሬት መሬቱን እያየ። ወጣ። ነገ ይምጣ አይምጣ ማን ያውቃል።

መኩሪያ እህታቸው አጠገብ ቁጢጥ አሉ። «እትዬ፣ ልጁ… እውነት ነው?»

እማማ ወለተማርያም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ አፋቸው በራሱ ጊዜ ተከፈተ። ወንድማቸው ፈጥነው ሸካራ መዳፋቸውን እህታቸው አፍ ላይ ደፉበት፤ በሌላው እጃቸው ማጅራታቸውን ደገፉ። እሳቸውም እዚያ መዳፍ ውስጥ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ የልጃቸውን ስም ጮኹ።