የእሳት ቆስቋሹ ወንበር

የመጫወቻ ባቡሬ ጎማ ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። ዘንጉ እንደገና ተነክሷል። እጄ ላይ የነበረውን ጥቁር የፕላስቲክ ጡብ ወደ ግድግዳው ወረወርኩት። ንዴቴ ግን አልወጣልኝም፤ ጥቁር ጡብ ስለሚያጥረኝ ከስፌት መኪናው ስር ተንበርክኬ መፈለግ ነበረብኝ። ስንበረከክ ደግሞ ጉልበቴ ሌላ ጡብ ላይ አረፈ። በዚያች ሰዓት ይህን የልጆች መጫወቻ የፈለሰፈውን ሰው ባገኘው በባዶ እግሩ እዚህ ወለል ላይ አመላልሰው ነበር።

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የወንድ ኮትና ሱሪ። ጨርቅ ሰው ይሰማል፤ ሲጎትቱት ይመጣል፣ በካውያ ሲጫኑት ይተኛል። የፕላስቲክ ጡብ ግን ወይ ይገጥማል ወይ አይገጥምም። መሃል የሚባል ነገር አያውቅም። ጸባዩ ቁርጥ የታላቅ ወንድሜን ነው።

ወንድሜን ዘመድ ሁሉ "ኮሚቴ" ይለዋል። ብቻውን ያሰበውን እንኳ "ወስነናል" ብሎ ነው የሚናገረው። አባታችንን ደግሞ "ፊሽካ" ይሉታል። አባዬ የእንፋሎት ባቡር ነጂ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ አሁንም በእግሩ ሲሄድ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ በጥርሱ ያፏጫል። ከፊት ያለ ሰው ዞር እንዲል ነው። ባቡሯ አብራው ነው ከሥራ የወጣችው። እሱን በምስክር ወረቀት ሸኙት፣ እሷን ቆራርጠው ለብረት አቅላጭ ሰጧት።

የነገሩ ሁሉ መነሻ ኮሚቴ ያመጣው ፎቶ ነው። ከአንድ አሮጌ ኔጋቲቭ ፎቶ ቤት አሳጥቦ፣ አስተልቆ፣ ፍሬም አስገብቶ ለአባዬ ሰጠው። አባዬ በጎልማሳነቱ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ባቡሯ ጎን ቆሞ ነው። ኮፍያውን መስኮቷ ላይ አንጠልጥሎታል። ቁጥሯ ያለበት ቦታ በእንፋሎት ተሸፍኗል። አባዬ አየውና "ይቺ የኔ አይደለችም" አለ። ቀልድ መስሎን ግድግዳው ላይ ሰቀልንለት። በማግስቱ ስንመጣ ፎቶው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

ለኮሚቴ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገውም። የራሱን ባቡር ያላወቀ ሰው ምድጃ ማጥፋቱን በምን ያውቃል፣ ብቻውን መኖር አይችልም፣ ፎቅ ቤቴ ይገባል፣ ወስነናል አለ። ለአፍ ዳገት የለውም። አባዬ ይህን የሰማ ቀን ሱቄ መጥቶ ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀመጠ።

"ዕድሜ ልኬን ነጂ ነበርኩ" አለኝ። "ጭነት አታድርጉኝ።"

አንጀቴን በላው። ኮሚቴ ጋ ደውዬ ተጨቃጨቅን። አባዬ ፎቶው አላማረውም ይሆናል እንጂ አእምሮው ደህና ነው አልኩት። ባቡሯን በጡብ እሠራታለሁ፣ ፊትህ አስቀምጣታለሁ፣ እሱ ደግሞ አንድ በአንድ ይነግርሃል፤ ካወቃት ቤቱ ይኖራል፣ ካላወቃት ውሰደው አልኩ። እንዲህ ያለ ውል የሚገባ ሰው ጤነኛ አይደለም፤ ግን ተናድጄ ነበር። ኮሚቴ ወዲያው ተስማማ፣ እሑድ ቀጠርን።

ከዚያ መከራዬ ጀመረ። ጡቡን ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ በከረጢት ገዛሁ፤ ግማሹ ቢጫና ሮዝ ነው። የመጀመሪያው ቦይለር፣ ውሃው የሚፈላበት በርሜል ማለት ነው፣ ማዕዘን ያለው ሳጥን ሆነ። ሁለተኛው ክብ ሆኖ መሃሉ ረገበ። ሦስተኛውን ውስጡን ሞልቼ አጠናከርኩት፣ ሲከብድ ጎማዎቹ ተንሸዋረሩ። የጭስ ማውጫውን ስንት ጊዜ አፍርሼ እንደሠራሁ አልናገርም። ሱሪ ሊያስጠብብ የመጣ ሁሉ "እትዬ፣ ልጅ ወለድሽ እንዴ?" እያለ ሳቀብኝ። አንዱ መምህር ሱሪው መቼ እንደሚደርስ ሲጠይቀኝ፣ ቦይለሩ ሲያልቅ ብዬው ተኮሳትሮ ወጣ።

አባዬን ላስደንቀው ብዬ ሲመጣ ጨርቅ አለብሳት ነበር። ዘንጉ በተነከሰ ቀን ግን ከስፌት መኪናው ስር ሆኜ ስራገም በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። ጠረጴዛውን አየ። መነጽሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ አደረገና፣ የቀኙና የግራው ዘንግ እኩል መዞር የለባቸውም፣ አንዱ በሩብ ዙር መቅደም አለበት፣ አለበለዚያ ይቆላለፋሉ አለኝ። እንዳለው አደረግኩ። ጎማዋ ያለ ምንም እንቅፋት ዞረ። አቅፌ ሳምኩት።

ደስታዬ ግን ሻይ እስኪቀዳ አልቆየም። አባዬ ጎንበስ ብሎ የነጂውን ክፍል አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ይቺ የኔ አይደለችም።"

"እንዴት አባዬ? ፎቶዋን አይቼ እኮ ነው የሠራኋት።"

"የአየር ፓምፑ በዚህ በኩል አይደለም። ይሄ ደግሞ የእሳት ቆስቋሹ ወንበር ነው። እኔ በቀኝ ነው የምቀመጠው።"

ፎቶውን ከአባዬ ቤት ተውሼ ከፊቴ ሰቅዬው ነበር፤ እየጠቆምኩ አሳየሁት። የባቡሯ አፍንጫ ወደ ግራ ነው፣ ስለዚህ የሚታየው የግራ ጎኗ ነው። ፓምፑ ያለው እዚያ ነው። ኮፍያህ የተሰቀለው እዚያ መስኮት ላይ ነው። ፎቶ እኮ አይዋሽም አልኩት። አባዬ መነጽሩን አውልቆ ወደ ኪሱ መለሰ።

"እንግዲያው ፎቶውን ጠይቂው" አለና ወጣ።

ቆሽቴ አረረ። ወንድሜ ልክ ነው ማለት ነው? ዘንጉን ያወቀ ሰው ወንበሩን እንዴት ይረሳል? በሚቀጥሉት ቀናት ሥራዬ ባቡር መሥራት ሳይሆን አባቴን ማስጠናት ሆነ። ወንድም ጋሼ ሲጠይቅህ በግራ ነው በለው፣ በግራ፣ ለኔ ስትል፣ እያልኩ ጨቀጨቅኩት። አባዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በግራ ተቀምጬ ነድቼ ስለማላውቅ በግራ ነበርኩ አልልም ብሎ ቁርጤን ነገረኝ። እኔም በንዴት የፓምፑን ቧንቧ ከፎቶው ጋር እያስተያየሁ ይበልጥ አሳመርኩት። ስህተትን እንደዚያ አሳምሬ ሠርቼ አላውቅም።

እሑድ ኮሚቴ መኪናውን ሱቄ በር ላይ አቆመ። ባቡሯን ገለጥኩለት። መገረሙን ለመደበቅ ሳል አስመሰለ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞሮ ለሕፃን እንደሚናገር ቀስ እያለ፣ ይህቺን ታውቃታለህ ወይ ብሎ ጠየቀው።

አባዬ እኔን አየኝ። በዓይኔ ለመንኩት።

"ጥሩ አድርጋ ሠርታታለች" አለ። "የኔ ግን አይደለችም። የኔ ወንበር በቀኝ ነው።"

ኮሚቴ ትከሻውን ነቀነቀ። ያን ሁሉ ማፍረስና መሥራት፣ ያን ሁሉ ልመና ሳስበው ደሜ ፈላ፤ የማይባለውን አልኩ።

"በቃ፣ አባዬ! ረስተኸዋል! እመንና እንገላገል!"

አባዬ እጁን ሱሪው ኪስ ከቶ የቤቱን ቁልፍ አወጣና ለኮሚቴ ሰጠው። መኪናው ጥግ ላይ እስኪታጠፍ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ፤ መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ፉጨት ግን አልሰማሁም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

ገብቼ ባቡሯን ላፈርሳት እጄን ዘረጋሁ፤ እሱንም አልቻልኩም። የአባዬ ኮት መስቀያው ላይ ቀርቷል። መነጽሩን ሲያወጣና ሲከት የደረት ኪሱ አፍ ተቀዶ እንድሰፋለት የተወው ነው። ቢያንስ ኮቱን ላድርስለት ብዬ መርፌ አነሳሁ። ኪሱን እየሰፋሁ ቀና ስል ዓይኔ ፎቶው ላይ ወደቀ። ባቡሯን ማየት ስላስጠላኝ አባዬን አየሁ፤ የለበሰውን ኮት አየሁ።

የደረት ኪሱ በቀኝ ነው።

ከዓይኔ ይልቅ እጄ ቀድሞ አወቀ መሰለኝ፣ መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ለወንድ ኮት የደረት ኪስ በግራ ነው የሚወጣለት። ጠጋ ብዬ አየሁ። የኮቱም ፊት የተደረበው እንደ ሴት ነው፣ ቀኙ በግራው ላይ። አባዬ የሴት ኮት ለብሶ ባቡር አይነዳም። ይህን ፎቶ ስንት ቀን ሙሉ አፍጥጬበታለሁ። ቧንቧዋን ቆጥሬያለሁ፣ ብሎኗን ቆጥሬያለሁ። የወንድ ልብስ ሰፊ ሆኜ አባቴ የለበሰውን አንዴ አላየሁም።

ፎቶውን ከግድግዳው አውርጄ ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት ትልቁ መስታወት ፊት ያዝኩት። መስታወቱ ውስጥ ኪሱ ወደ ግራ ሄደ፣ ኮቱ በወጉ ተደረበ። የባቡሯ አፍንጫ ወደ ቀኝ ዞረ፣ ፓምፑም ኮፍያውም አባዬ እንዳለው በቀኝ ጎኗ ሆኑ። ፎቶ ቤቱ ኔጋቲቩን ገልብጦ ነው ያጠበው። አልሸሹም ዞር አሉ ይሉሃል ይሄ ነው። የምስቅ መስሎኝ ነበር፣ አለቀስኩ።

ባቡሯን አስተካክዬ ልሂድ ብል አይሆንም፤ የቀኝና የግራ ጡብ እንደ ጫማ ነው፣ አይለዋወጥም፣ ገና ሁሉም ፈርሶ ይሠራል። ስለዚህ ከነስህተቷ በካርቶን ከትቼ፣ ኮቱንና ፎቶውን ይዤ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። በየጉድጓዱ አንድ አንድ ጡብ ይወልቃል። ሹፌሩ ምን እንደምሳደብ ሊገባው ስላልቻለ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ።

አባዬን ያገኘሁት የኮሚቴ ሳሎን ውስጥ ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ከቤቱ የያዘውን ቦርሳ ሳይከፍት ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ አድራሻ እንደተጻፈበት ዕቃ ተቀምጧል። ሲያየኝ ብድግ ሊል ቃጣው። አፌን ሳልከፍት ቀደመኝ።

"በግራ ነው" አለ፣ ወንድሜን እያየ። "ነጂው በግራ ነው የሚቀመጠው። አሁን ትዝ አለኝ።"

ያስጠናሁት መልስ ነው። ቃል በቃል ያስጠናሁት። እንደዚያ ቀን አፍሬም አዝኜም አላውቅም። ምነው ያኔ ምላሴ በተቆረጠ።

"አይደለም፣ አባዬ" አልኩት። "በቀኝ ነው።"

ፎቶውን ወስጄ መተላለፊያው ላይ ያለው መስታወት ፊት ያዝኩትና ኑ እዩ አልኳቸው። ኮሚቴ መጀመሪያ የመጣው ሊቆጣኝ ነበር። ኪሱን አሳየሁት፣ የራሱን የደረት ኪስ እንዲዳስስ ነገርኩት። ዳሰሰ። ፎቶውን አየ፣ መስታወቱን አየ፣ እንደገና ኪሱን ዳሰሰ። አባዬ ግን ኪሱን አላየም። መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ባቡር ነበር የሚያየው። ከዚያ ወደ ኮሚቴ ዞሮ እጁን ዘረጋ።

"ቁልፌን።"

ኮሚቴ፣ እንግዲህ ቁጭ ብለን እንመካከርና፣ ብሎ ጀመረ። የተዘረጋው እጅ አልታጠፈም። ወንድሜ ኪሱ ገባ። ቁልፉን መዳፉ ላይ ሲያስቀምጥ "ተሳስቻለሁ፣ አባዬ" አለ። ተሳስተናል አላለም።

አባዬን ኮቱን አለበስኩት፤ መነጽሩን የተሰፋው ኪስ ውስጥ ከተተ። ካርቶኑን ካልያዝኩ ብሎ ከእጄ ቀማኝና ደረጃውን መውረድ ጀመርን። በየደረጃው ወደ ውስጥ እያየ፣ ወንበሩን ወደ ቀኝ እንደማዞር፣ ፓምፑን ትንሽ ወደ ፊት እንደማመጣ፣ ጭስ ማውጫው ደግሞ አጭር መሆኑን ነገረኝ። ስለ ጭስ ማውጫው ልመልስለት የነበረውን ዋጥኩት። ደረጃው የሚታጠፍበት ቦታ ስንደርስ አባዬ ካርቶኑን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘና በጥርሱ አፏጨ።