የሚያበራው ባዶ ውሃ

የኬሚስትሪ ተማሪዋ የብርጓል የሠራችው ቢጫ ዱቄት አንድ ሙያ ብቻ ነበረው። በአልኮል ሟሙቶ ዚንክ ያለበት ውሃ ጠብ ሲደረግበት፣ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር አረንጓዴ ያበራል። ዚንክ ከሌለ ጨልሞ ይቀራል። ሁለት ዓመት የለፋችበት ይኸው ነው። በነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት ግን ምንም ያልተጨመረበት የተጣራ ውሃም ያበራ ጀመር።

አማካሪዋ ዶክተር ስማቸው ብልቃጡን አይቶ፣ ባዶው ውሃ እስከ ሰኞ ካልጨለመ የመመረቂያ ጽሑፏን ዘንድሮ እንደማታቀርብ ነገራት።

የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ጋሽ አንሙት በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር።

"እንዲህ የሚዋሽ ምስክር ፍርድ ቤት ቢቀርብ ስንቱን ያሳስር ነበር" አሏት።

የብርጓል ብልቃጦቹን በአሲድ አጠበች፤ አበራ። አልኮሉን ቀየረች፤ አበራ። ጓንቷን አውልቃ ደገመችው፤ አበራ። ዚንክን አንቆ የሚይዘውን ኢዲቲኤ ጠብ ስታደርግበት ግን ወዲያው ጠፋ። ዱቄቱ አልዋሸም ማለት ነው። የቀረው ውሃው ነበር።

የተጣራው ውሃ የሚቀመጥበት ጀሪካን ላይ በየዓርቡ የውሃውን ልክ በማርከር የማስመር ልማድ ነበራት። ማጣሪያው ከተበላሸ ወር አልፎታል፤ ስድስት ተማሪ ከጀሪካኑ ይቀዳል፤ ውሃው ግን ከሦስት ሳምንት በፊት ካሰመረችው መስመር ንቅንቅ አላለም።

ወደ ጓሮ ወጣች። ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ የሚቀበል በርሜል አለ። አጠገቡ የጋሽ አንሙት ባጃጅ ቆሟል፤ የባትሪው ክዳኖች ተከፍተዋል፤ መሬት ላይ የቤተ ሙከራው ወረቀት የተለጠፈበት ጠርሙስ ተቀምጧል። ከበርሜሉ ጥቂት ቀድታ ተመለሰችና ሁለቱንም ውሃ በሟሟው ዱቄት ላይ ጠብ አድርጋ፣ ጋሽ አንሙትን ጠርታ መብራቱን አበራች።

"ጋሼ፣ ይኼኛው የጀሪካኑ ነው። ያኛው የበርሜሉ።"

ሁለቱም እኩል አረንጓዴ ነበሩ።

"የሰማይ ውሃ ንጹሕ አይደለም እንዴ?" አሉ።

"ሰማዩማ ንጹሕ ነው። ቆርቆሮው እንዳይዝግ የተቀባው ዚንክ ነው። ንጹሕ ከመሰልዎት ባትሪውን ለምን በሱ አልሞሉትም?"

"ባትሪ ያበላሻላ" አሉ ጋሽ አንሙት፤ ካሉ በኋላ ጀሪካኑን አንሥተው የሞሉበትን የዝናብ ውሃ ሊደፉ ወጡ።

ቅዳሜ ማለዳ ጋሽ አንሙት፣ ከተማው ውስጥ ሲገዙ የሚያያቸው ሰው ስለሚበዛ፣ ጎረቤት ከተማ አማኑኤል ድረስ ሄደው ከአንድ ባትሪ ሻጭ የተጣራ ውሃ አመጡ። ሰኞ ባዶው ውሃ ጨለመ።

ሐሙስ የብርጓል ጽሑፏን ስታቀርብ፣ ዶክተር ስማቸው ከሁሉ የወደደው ዱቄቱ በቆርቆሮ ጣሪያ ውሃ ላይ የተፈተነበትን ምዕራፍ ነበር። ይህን የመሰለ ናሙና ከየት አገኘሽው ብሎ ጠየቃት።

የብርጓል ወደ ኋላ ወንበር አየች።

"ጋሽ አንሙት ናቸው። ሳልጠይቃቸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳያቋርጡ ሲያቀርቡልኝ ቆዩ።"

አዳራሹ አጨበጨበ። ጋሽ አንሙት ተነሥተው እጅ ነሡ፤ ምን ያድርጉ።