ዴስኮች በደመና ውስጥ

ላባ ይሏታል። ስሙን ያወጡላት አብረዋት የሚበሩ ረዳት አብራሪዎች ናቸው፤ አውሮፕላን ስታሳርፍ ጎማው መሬት መንካቱ ስለማያስታውቅ። በአየር መንገዱ ካሉት ካፒቴኖች ሁሉ አንጋፋዋ ሆና ሳለ፣ መሬት ላይ ስትውል ግን የሰው መሳቂያ ነበረች። ቁልፏን ትረሳለች፣ ወጥ ታሳርራለች፣ ሰው ቁም ነገር ሲያወራት ዓይኗ ወደ መስኮቱ ይሸሻል። "አንቺ ልጅ፣ ነፍስሽ የት ነው ያለችው?" ይላት ነበር ታላቅ ወንድሟ። እሷም ጣቷን ወደ ላይ ትቀስርለታለች።

ወንድሟ ኮሎኔል ነው፤ የጦሩ ሄሊኮፕተሮች በሙሉ በእሱ እጅ ናቸው። ልጆች ሳሉ ቤታቸው የአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ሥር ነበር። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ጣራ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ የሚወጣውን የሚወርደውን ይከፋፈሉ ነበር። ክንፉን ዘርግቶ የሚንሳፈፈው ሁሉ የእሷ፣ ካለበት ቀጥ ብሎ የሚነሳው ሁሉ የእሱ። እናታቸው ከታች ሆና "ኧረ በናታችሁ ውረዱ! ጣራውን ልታፈርሱብኝ ነው!" እያለች ትጮሃለች፤ እነሱ ደግሞ በሞተሩ ጩኸት አሳበው እንዳልሰማ ይሆናሉ።

ታዲያ ሁለቱም ጎልምሰው፣ የእሱ ፀጉር ሸብቶ የእሷም መሸበት ጀምሮ ሳለ፣ መንግሥት ለጦሩ ሄሊኮፕተር፣ ለአየር መንገዱም አውሮፕላን ሊገዛ ተነሳና መራጭ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሎኔሉ በጦሩ በኩል፣ ላባ በአየር መንገዱ በኩል ተመደቡ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ነገር ማንዛዛት የማይወዱ፣ መነጽራቸውን በግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ሰው ነበሩ። ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ቁርጡን ተናገሩ።

"ከአንድ አምራች ነው የምንገዛው። መለዋወጫው አንድ፣ ሥልጠናው አንድ፣ ጣጣውም አንድ ይሁንልን።"

የቀረቡት አምራቾች ሁለት ነበሩ። የመጀመሪያው ያመጣው ጄት ነው። ላባ ልትሞክረው የወጣችበትን ጠዋት እስከ ዛሬ አትረሳውም። መሪውን ገና ስትነካው አውሮፕላኑ ሐሳቧን የሰማ ያህል ዞረላት። ጩኸት የለውም። ከደመናው በላይ ሲወጡ ነጩ ሜዳ ከሥራቸው ተዘረጋ፤ ፀሐይዋ በክንፉ ጫፍ ላይ እንደ ማር ተንጠለጠለች። ስታርፍ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። "ነፋስ ነው" አለች፤ መስኮት በማይከፈትበት አውሮፕላን።

ያው አምራች ለጦሩ ያቀረባት ሄሊኮፕተርም ቀጭን፣ ወገበ ሸንቃጣ፣ እንደ ተወርዋሪ ኮከብ የምትፈጥን ነበረች። ኮሎኔሉ ባያት ቁጥር ድምፁ ይለሰልሳል። "ቁስለኛ ጭኜ ስበር የሚያንገበግበኝ መዘግየት ነው። ይቺ ግን መንገዱን ታሳጥርልኛለች" ይላል።

ሁለተኛው አምራች ያመጣው ደግሞ ፕሮፔለሩ ጆሮ የሚበጥስ አውሮፕላንና ሆደ ሰፊ፣ አጭር፣ ቀርፋፋ ሄሊኮፕተር ነው። የሃንጋሩ ሠራተኞች ገና ከማረፏ "ድስቷ" ብለው ስም አወጡላት። ስሙም ተጣበቀባት፤ ሰብሳቢው ራሳቸው ሳያስቡት በስብሰባ ላይ "ድስቷን በተመለከተ" ብለው አዳራሹን በሳቅ አፍርሰውታል።

እንግዲህ ወንድምም እህትም የመጀመሪያውን አምራች ወደዱ፤ ነገሩ ያለቀ መሰለ። የቀረው የተራራው ላይ ሙከራ ብቻ ነበር። በዕቅዱ መሠረት ሄሊኮፕተሯ ከፍ ካለ አምባ ላይ አሸዋ ተሞልታ፣ ገደሉን ተሻግራ፣ ማዶ ካለው ሸንተረር ላይ ማረፍ አለባት።

"አሸዋ ጭኖ ተራራ ለተራራ መዞር ምን የሚሉት ሥራ ነው?" አለች ላባ። "ማዶ ትምህርት ቤት አለ። መንገዱ በናዳ ከተቆረጠ ወዲህ ዴስኮቻቸው አምባው ላይ፣ መጋዘን ውስጥ ቀርተዋል። ልጆቹ ድንጋይ ላይ ነው አሉ የሚቀመጡት። ለምን እነሱን አንጭንም?"

ኮሎኔሉ ሳቀ። "አንዳንዴ እኮ መሬት ላይም ታስቢያለሽ!"

በተቀጠረው ቀን አምባው ላይ ተሰበሰቡ። የአምራቹ ወኪል በዚያ ሁሉ አቧራ መሐል የሚያብለጨልጭ ክራቫት አስሯል። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ገደሉን በእግሯ ዞራ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ደረሰች። ወታደሮቹ ዴስኮቹን እየተቀባበሉ ሲጭኑ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፤ የአምባው አየር ሞቀ፣ ሳሳ። ላባ ይህን በሳንባዋ አወቀችው። የምትተነፍሰው አየር ለሳንባም ለክንፍም የሚጨበጥ ነገር አልነበረውም።

የአምራቹ አብራሪ ሞተሩን አስነሣ። ተሽከርካሪው ክንፍ ሣሩን አጋደመው፣ አቧራው ተነሣ፣ ሄሊኮፕተሯ ተንቀጠቀጠች። ጎማዎቿ ከመሬት ትንሽ ለቀቁና እንደገና ዘጭ አሉ።

"ጥቂት ዴስክ ይውረድላት" አለ ባለ ክራቫቱ።

ወረደ። አሁንም ተንቀጠቀጠች፤ አሁንም ተቀመጠች። እንደገና ወረደ። በመጨረሻ ከሰው ቁመት ጥቂት ከፍ ብላ ወደ ገደሉ አፋፍ ስታዘነብል፣ አብራሪው ፊቱ አመድ መስሎ ወደ ኋላ መለሳትና አሳረፋት። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

"ካሁን በኋላ ብሞክር ማዶ አይደለም የምንደርሰው" አለ፤ ወደ ገደሉ እያየ። የገዛ አሠሪው ወኪል ፊት ለፊት ቆሞ ነው ይህን ያለው። ላባ ለዚህ አከበረችው።

ያን ጊዜ ደመናው መጣ። ከገደሉ ውስጥ ቀስ እያለ፣ እንደ ፈላ ወተት ወጣና አፋፉን አልፎ ፈሰሰ። በመጀመሪያ ማዶው ጠፋ፤ ቀጥሎ መጋዘኑ፤ ቀጥሎ የሄሊኮፕተሯ ጭራ። መብረር የማይታሰብ ሆነ። ሰው ሁሉ መቀመጫ ሲያጣ፣ ሣሩ ላይ በረድፍ ተደርድረው የነበሩት ዴስኮች ላይ አንድ በአንድ ተቀመጠ። ወታደሮቹ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ባለ ክራቫቱ ቦርሳውን ታቅፎ፣ ኮሎኔሉ በኋለኛው ረድፍ። ነጩ ደመና በመሐላቸው ያልፋል፤ ጭንቅላቶች ይታያሉ፣ ይጠፋሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። አስተማሪው ገና ያልመጣ የህልም ክፍል ይመስል ነበር።

ርዕሰ መምህርቷ ከፊት ቆማ አየቻቸውና ራሷን መግዛት አቃታት። "ጸጥታ!" አለች እጇን አጨብጭባ። "አንተ ከኋላ ያለኸው፣ ባለ ኮከቡ! የቤት ሥራህን ሠርተሃል?"

"አልሠራሁም፣ የኔታ" አለ ኮሎኔሉ ብድግ ብሎ። ወታደሮቹ በሳቅ ፈነዱ።

ሳቁ ሲያልፍ ርዕሰ መምህርቷ ወደ ሄሊኮፕተሯ ዞረች። "በጣም ታምራለች። እንዲያው የዚች ሥራዋ ምንድን ነው?"

ኮሎኔሉ "ይቺማ..." ብሎ ጀመረና ኮፍያውን አውልቆ ጤዛውን አራገፈ።

ላባ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ዴስኩ ለልጅ የተሠራ ስለሆነ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋጉ።

"ወድጃት ነበር እኮ" አለ ኮሎኔሉ፣ ሄሊኮፕተሯ ወዳለችበት እያየ።

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

"ስሚኝ። እሷ ከቀረች ያንቺም ጄት መቅረቱ ነው። ለሰብሳቢው ለቆላ ትበቃለች እላቸዋለሁ። ውሸት አይደለም፣ ለቆላ ትበቃለች። ለደጋው እንደ ምንም ብለን በአሮጌዎቹ እንገፋለን። አንቺ ጄትሽን አትልቀቂ።"

እውነቱን ለመናገር፣ "እሺ" የሚለው ቃል የላባ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ያ ጠዋት፣ ያ ነጭ ሜዳ፣ በክንፉ ጫፍ ላይ ያለችው ፀሐይ በዓይኗ ውል አሉባት። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚጠይቃት። የምትወደው ወንድሟ ራሱ በሩን ከፍቶላት ቆሟል።

ከፊት ርዕሰ መምህርቷ ጎንበስ ብላ፣ የአንዱን ዴስክ ጤዛ በቀሚሷ ጫፍ ታብሳለች። ጠርጋ ስትጨርስ ወደሚቀጥለው ሄደች።

"አንተ እብድ ነህ እንዴ?" አለች ላባ። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። "ቁስለኛው ከደጋ ቢሆንስ? በምን ልታወርደው ነው፣ በኔ ጄት?"

ኮሎኔሉ ወደ እሷ ዞሮ አላየም። እጁን ብቻ እጇ ላይ አሳረፈ።

ደመናው ሲገፈፍ ወደ ከተማ ተመለሱ። በሌላ ቀን፣ በዚያው በቀትር ሙቀት ድስቷን አመጧት። ላባም አብራ ተሳፈረች። ሞተሯ እያጓራ፣ ሆዷ ዴስክ በዴስክ ሆኖ፣ ምንም ሳትጣደፍ ተነሣች፤ ገደሉን ስትሻገር ጥላዋ ከታች በአለቱ ላይ እንደ ዓሣ ዋኘ። ማዶ ልጆቹ ጆሯቸውን በእጃቸው ደፍነው እየዘለሉ ጠበቋቸው።

በመጨረሻው ስብሰባ ላባ ተነሥታ ተናገረች። ጄቱ ለአየር መንገዱ ከሁሉ የሚሻል መሆኑን፣ ድስቷም ለጦሩ ከሁሉ የምትሻል መሆኗን አስረዳች። "ስህተቱ ከአንድ አምራች ይገዛ ማለታችን ነው። የኔ ሥራ ከከተማ ከተማ ሰው ማድረስ ነው፤ የሱ ሥራ ማንም የማይደርስበት መድረስ ነው። ይህን ሁለት ሥራ አንድ አምራች አይችለውም።"

ሰብሳቢው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። "ዘንድሮ ሁለት ግዢ የለም፣ ካፒቴን። ወይ ጄቱ፣ ወይ ድስቷ፤ ሌላው ይቆያል።"

"እንግዲያው ሄሊኮፕተሯ ትቅደም።"

የአየር መንገዱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ በኮሪደር ሲያገኟት ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ሆነ። ባልደረቦቿም "ለወንድሟ አደላች" ብለው አሟት። ከፋት፤ ግን አልተሟገተችም። ዓመት በዓመት ላይ እየተጫነ ጄቱ ዘገየ፤ ሲመጣም የወጣቶቹ ሆነ። እሷ በዚያችው አሮጌ አውሮፕላን ስትመላለስ የመጨረሻ በረራዋ ደረሰ።

ወንድሟ አንድ ቀን ቤቷ መጥቶ ሶፋው ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጠ። "ጄትሽን በላሁብሽ" አለ።

"ድስት ካለህ ምን ይሳንሃል?" አለችው። ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ።

ጡረታ በወጣች በጋ፣ ለትምህርት ቤቱ የጣራ ቆርቆሮ ሲጫን "ነይ፣ አየር ትቀበያለሽ" ብሎ ወንድሟ ይዟት ሄደ። መሪ የጨበጠችበት ዕድሜ ሁሉ፣ ላባ በአየር ላይ ሳለች እንቅልፍ በዓይኗ ዞሮ አያውቅም ነበር፤ ተሳፋሪ ሆና ስትሄድ እንኳ ጆሮዋ ሞተሩን ይጠብቃል። ያን ቀን ግን ቆርቆሮው መሐል ተቀምጣ፣ የድስቷ ሞተር ከጀርባዋ እያጓራ፣ በክፍቱ በር ደመና እየገባ ፊቷን ሲያርሰው ራሷ ቀስ ብሎ ዘመመ።

ሸንተረሩ ታየ። አብራሪው ሊያርፍ ሲያዘቀዝቅ ኮሎኔሉ ትከሻውን ያዝ አደረገው፤ ወደ ኋላ በአገጩ አሳየውና ጣቱን በአየር ላይ አዞረ።

"አንድ ዙር ጨምር" አለው በጆሮው። "ቀስ ብለህ።"