አደብ ግዛ የተባለው ማሽን

አቢያው ያን ቀን ነጭ ሸሚዝ ይዞ ነው ሥራ የመጣው። በላስቲክ እንደተሸፈነ ምስማር ላይ ሰቀለውና "ጦጣ፣ በዚህ በኩል እንዳታልፍ" አለኝ። ጦጣ እኔ ነኝ። እናቴ ያወጣችልኝን ስም ፋብሪካው ውስጥ የሚያውቅ የለም።

ማታ የፍቅረኛውን የዪሩን አባት ሊያገኝ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ዪሩ "አባዬ የሚያረፍድ ሰው አይወድም" ብላው እንቅልፍ አጥቷል።

"ሥራቸው ምንድነው?"

"አውቶብስ ይነዱ ነበር።"

"እንግዲህ ካረፈድክ ጥለውህ ይሄዳሉ።"

ከምሳ በኋላ ጉድ መጣ። እኛ ዳሊ ከተማ፣ ከሩዝ ማሳው ጀርባ፣ የብረት በር ነው የምንሠራው። የብየዳውን ጭስና የብረቱን ብናኝ ስቦ የሚውጠው ደጅ የቆመው አቧራ መጣጭ ነው። ሆዱ ውስጥ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፉ ፊልትሮዎች አሉ፤ በየደቂቃው የታመቀ አየር ጧ! እያለ ያራግፍላቸዋል። ያን ቀን መሳቡን ተወ። ጭሱ ቤት ውስጥ ተኛብን፣ የፊልትሮዎቹን መታፈን የሚያሳየው ጌጅ መርፌ ቀዩ ላይ ወጣ።

የፋብሪካው ባለቤት እትዬ ሹጓን ሲሮጡ መጡ። መጀመሪያ ያዩት ማሽኑን እንዳይመስልህ፣ አረንጓዴውን ከረጢት ነው። ያው እንደ አገሩ ሰው ሁሉ እኛም ማሽኑ እንዳያምፅ ብለን የበቆሎ ፈንዲሻ ከረጢት እንሰቅልበታለን፤ ስሙ ራሱ "አደብ ግዛ" ነው። አረንጓዴ መሆን አለበት፣ ጊዜው ማለፍ የለበትም፣ ደግሞ አይበላም።

"ጊዜው አላለፈም" አሉ አገላብጠው። ጨመቅ ጨመቅ አደረጉትና ወደኔ ዞሩ። "ጦጣ፣ ቀምሰህለታል?"

"እትዬ፣ አልተከፈተም እኮ።"

"አንተ ሳትከፍትም ትበላለህ።" ከዚያ ለአቢያው፣ "በሮቹ ነገ ጠዋት ይጫናሉ። ይሄ ሳይስብ አንድም ሰው አይወጣም።"

አቢያው ሸሚዙን አየ።

ማሽኑን አጥፍቶ ማብሪያውን ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ ጭንብል አደረግን። አንዱን ፊልትሮ ስናወጣ ብናኝ ለብሶ እጥፋቱ አይታይም።

"በዱላ ላራግፈው?"

"ከቀደድከው በቆዳህ ነው የምተካው።"

"የኔ እጥፋት የለውም። የእትዬን ጠይቅ።"

ሊስቅ አልቻለም። "አርጅቶ ይሆናል" አለ።

"ባለፈው ወር እኮ ነው የቀየርከው።"

መልሰን ገጠምነውና አስነስተን ጆሮ ሰጠን። ጧ የሚባል ነገር የለም። ፍስስ።

"ይሄ ማራገፍ ነው ሾርባ ማብረድ?" አልኩት።

እዚህ ጋ ነቃ። አየሩን የሚያምቀው ኮምፕሬሰር ጋ ሮጦ ጌጁን አየ፣ ሙሉ ነው። ማሽኑ ጋ ያለው የአየር ጌጅ ግን ወርዷል። አየሩ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ቧንቧውን ይዘን ስንሄድ ማሽኑ ጀርባ፣ ከረጢቱ የተሰቀለበት ቦታ ደረስን። ከረጢቱ በቀይ ክር ከአየር መዝጊያው እጀታ ጋር ታስሯል። ያ እጀታ ከቧንቧው ጋር እኩል ሲተኛ ክፍት፣ ሲሻገር ዝግ ነው። ክሩ ጎትቶት መሃል ላይ ተንጋዷል።

ቋጠሮውን አየሁት። እንዲህ ድርብርብ አድርጎ የሚያስር ሰው አንድ ብቻ ነው፤ የጫማ ክሩንም እንደዚያው ነው የሚያስረው።

"አቢያው፣ ይሄን ማን ያሰረው ይመስልሃል?"

ጆሮው ቀላ። "ሰኞ ከረጢቱን ስቀይር... ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ እየወደቀ አስቸገረኝ።"

"አደብ አስገዛኸዋ፣ ጉሮሮውን ይዘህ።"

"ቀስ በል፣ እትዬ ይሰማሉ።"

ክሩን ቆረጠ፣ እጀታውን መለሰ። ጧ! አለ ማሽኑ፣ እኔንም አስደነገጠኝ። መርፌው ከቀዩ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። እትዬ ከኋላችን ቆመዋል፣ ዓይናቸው ክሩ ላይ።

"ማነው ያሰረው?"

አቢያው አፉን ሲከፍት እግሩን ረገጥኩት።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

ለአንድ አፍታ እንኳን አልተጠራጠሩም። እንዲያውም ደስ ያላቸው ነው የሚመስሉት። "እኔ ገና ሳየው አውቄያለሁ። የሥሩን የብናኝ በርሜል ትደፋለህ፣ መርፌው እስኪረጋም እዚሁ ትቆማለህ። አቢያው፣ አንተ ሂድ ታጠብ።"

ጆሮውን በሳሙና ሲፈትግ አረንጓዴውን ከረጢት ለአማቹ ከገዛው የሻይ ቅጠል ጋር ስጦታው ውስጥ ወሸቅኩለት። ማሽኑ ዳነ፣ አሁን የሚያስፈልገው ለሱ ነው ብዬ።

ጠዋት ቦርሳውን አንግቶ መጣ።

"ደረስክ?"

"ቀድሜ ደረስኩ። አባቷ ሻዩን ሲያወጡ ከረጢቱ ወጣ። 'ይሄ ለኔ ነው?' አሉ። 'ለማሽን ነው' አልኳቸው።"

"ከዚያስ?"

"'እንግዲያው አንተም አደብ ግዛ' ብለው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። እራት እስኪያልቅ ታቅፌው በላሁ። ዪሩ በሳቅ ልትሞት።"

"ሲሸኙህስ?"

"'እሁድም ይዘኸው ና፣ ገና አላመንኩህም' አሉኝ።"

ከረጢቱን ከቦርሳው አወጣና ማሽኑ አናት ላይ አጋደመው፤ በፕላስተር፣ ያለ ክር።

"እሁድ ስትወስደውስ ማሽኑ?" አልኩት።

"እሁድ ማሽኑ ያርፋል።"